ሰፈር ጥናት፣ ጎንደር ላይ

ሐሙስ

ልንጀምር ያሰብነው ፕሮግራም ልጆች ጫት፣ አረቄና ሲጋራ ውስጥ ሳይገቡ ለመድረስ ነው። ከገቡ በኋላ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ ባለሙያም ይፈልጋል። እኛን የሚመለከተው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። አንድም ነገር ከመጀመራችን በፊት ግን ሰፈሩን ማወቅ አለብን። ምን ይጎድለዋል? ምንስ አለው? ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ በዚህ ጉዞ ከእሱ ልጀምር ብዬ ነው የመጣሁት።

ለምን? አንድ ሰፈር ገብታችሁ «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ካላችሁ፣ ሰው የሚነግራችሁ እናንተ ትሰጣላችሁ ብሎ የሚያስበውን ነው። ዘይት አከፋፋይ ከመሰላችሁት ችግሩ ዘይት ነው፤ ብር አበዳሪ ከመሰላችሁት ችግሩ መነሻ ገንዘብ ነው። ውሸት አይደለም፣ ችግሩ በእርግጥ አለ። ግን የመጣችሁበትን ጉዳይ ሳታገኙ ትመለሳላችሁ። «እዚህ ሰፈር ልጅ ሲያጠፋ ማን ይቆጣል? ቁጣው የሚሰማለትስ ማን ነው?» ብላችሁ ስትጀምሩ ወሬው ሌላ መንገድ ይይዛል።

ከአዲስ አበባ የመጣሁት በአውሮፕላን ነው፣ መንገዱ አሁን እንዲህ በቀላሉ የሚታሰብ አይደለም። አዘዞ አርፈን ወደ ከተማው ሽቅብ ወጣን። ከሰዓት በኋላው በሙሉ በደብዳቤ አለቀ። የድጋፍ ደብዳቤ ከክፍለ ከተማ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

ጎንደር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ ነው በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅ የተከፈተው። ያኔ የሚሠለጥኑት የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የሳኒቴሽን ባለሙያዎች ነበሩ። ሦስቱ አንድ ላይ ሕዝቡ ዘንድ ይወርዳሉ። በሽተኛ እስኪመጣላቸው አይጠብቁም፤ ውሃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ረግረጉን ሄደው ያያሉ። ዛሬም የዩኒቨርሲቲው የጤና ተማሪዎች «ቲም ትሬኒንግ» ብለው በየዓመቱ ይወጣሉ። ይህ ልማድ ያለበት ከተማ ላይ ስለ መከላከል ማውራት ደስ ይላል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሰፈሩን በስም አልጠራውም። ከአራዳ ገበያ ወረድ ብሎ ያለ ነው፣ ይብቃ። ስሙ ከጫትና ከአረቄ ጋር አንድ ጊዜ ከተጻፈ እዚያ ያደገ ልጅ ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ ይከተለዋል።

ዓርብ

ዛሬ መጠይቅ አላወጣሁም። ዞርኩ ብቻ። አብራኝ የዞረችው የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ገጠር ላይ ተጀምሮ በኋላ ነው ወደ ከተማ የመጣው፤ እሷም ይህን ሰፈር ቤት ለቤት ታውቀዋለች። የትኛዋ እናት ብቻዋን እንደምታሳድግ፣ የትኛው ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ የማን ቤት በር ማታ እንደማይዘጋ። ይህ ሁሉ ከጭንቅላቷ ውስጥ ነው። መንግሥት ከሚያስሞላት ቅጽ ውስጥ ስለ ሱስ የሚጠይቀው ክፍል ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ በሀብት ዝርዝሬ ላይ የመጀመሪያዋ እሷ ሆነች።

በተለያየ ሰዓት ያንኑ መንገድ ደጋግመን ሄድንበት። ይህን ዘዴ አጥብቄ እመክራለሁ። አንድ ሰፈር ጠዋት 2 ሰዓት ላይና ማታ 12 ሰዓት ላይ ሁለት የተለያየ ሰፈር ነው።

ጠዋት፦ ልጆች በዩኒፎርም፣ እናቶች ጄሪካን ይዘው፣ ሊስትሮዎች ወደ ፒያሳ ሲወጡ። የውርርድ ቤቱ ዝግ ነው። ጫት መሸጫዎቹም ዝግ ናቸው። ጠላ ቤቶቹ በር ላይ ጣሳዋ እንጨቷ ላይ ተሰክታለች፤ ቤቱ ውስጥ ግን ገና ጭስ ነው። አንድ ሜዳ ላይ ትንንሽ ልጆች የፋሲል ከነማ ማሊያ ለብሰው ይሠለጥናሉ። አሠልጣኙ ደመወዝ የለውም። ክለቡ በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ሲሆን የነዚህ ልጆች ታላላቆች ሰፈሩን በጭፈራ እንዳናወጡት ባለሙያዋ ነገረችኝ።

ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርት ቤቱ ፈረቃ ይቀይራል። ግማሹ ልጅ ይገባል፣ ግማሹ ይወጣል። የሚወጣው ግማሽ የት ይሄዳል? እኔ የምፈልገው ይሄን ነበር። ቤት የሚሄድ አለ። ታናሽ የሚጠብቅ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ቆሎ የሚሸጥ አለ። አሥራ ምናምን ዓመት የሆናቸው ወንዶች ግን ብዙዎቹ ቤት ቢሄዱም ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ወላጅ ሥራ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቦርሳቸውን ጥለው ይመለሳሉ። የሚመለሱት ወደ መንገዱ ነው፣ መንገዱ ላይ በዚያ ሰዓት ክፍት የሆነው ደግሞ ጫት መሸጫው፣ የውርርድ ቤቱና የባጃጅ ተራው ነው። ሜዳው ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው፤ አሠልጣኙ የቀን ሥራ አለው። የትምህርት ቤቱ ግቢ የሌላኛው ፈረቃ ነው። ወጣት ማዕከሉ በሩ ላይ ሰንሰለት አለ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ሌላ ሕይወት ነው። ቀን ጫት ሲቅሙ የዋሉት ምርቃናውን ለመስበር ይወጣሉ። ጨብሲ ይሉታል። አረቄ ቤቶቹ ይሞላሉ።

ሱቆቹንም አየን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮልም ሆነ ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሲጋራው ፓኬት ላይ የማስጠንቀቂያው ሥዕል 70 በመቶውን ይሸፍናል። ግን እዚህ ሲጋራ የሚሸጠው በፍሬ ነው። ልጁ ፓኬቱን አያየውም። አንዷ ባለሱቅ ስለ 21 ዓመቱ ሰምታ እንደማታውቅ በግልጽ ነገረችኝ፤ «የነገረን የለም» አለች። ይህም ጉድለት ነው፣ ግን በቀላሉ የሚሞላ ዓይነት።

ቅዳሜ

የገበያ ቀን ነው። አራዳ ከጠዋት ጀምሮ ሞልቷል። ጌሾና ብቅል ሻጮች ጋ ትንሽ ቆምኩ፤ አረቄ የምታወጣ ሴት ሁሉ እዚያ ታልፋለች። ከመካከላቸው አንዷን የጤና ኤክስቴንሽኗ ታውቃቸው ስለነበር ወደ ቤታቸው አብረን ወረድን።

እትዬ የምላቸው እኚህ ሴት ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ አረቄ ያወጣሉ። ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚሁ ነው። አንዷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። ቡና አፈሉልን። እንደ ተከሳሽ ሳይሆን ሰፈሩን እንደሚያውቅ ሰው ጠየቅኳቸው።

«እታለም፣ እኔ ለልጅ አልሸጥም። ግን አባቱ በብርሌ ላከኝ ካለኝ ምን ልበለው? ሲመለስ መንገድ ላይ እየቀመሰ እንደሚሄድ አውቃለሁ።»

«አንቱ ባይሸጡለትስ?»

«ከጎረቤት ይገዛል። ሁላችንም እምቢ ካልን ግን አባቱ ራሱ ይመጣል።»

ይህችን ንግግር ያለ ምንም ማሳመር ነው የጻፍኳት። ማንም ባለሙያ ሊነድፈው የሚችል የመከላከል ሥራ ነው፣ ያውም ከአረቄ ሻጭ አፍ። ብዙ ሪፖርት ላይ እነዚህ እናቶች «የችግሩ ምንጭ» ተብለው ይጻፋሉ። በጣም ያሳዝነኛል። ገቢያቸው ቢቆም ልጆቻቸው ራሳቸው አደጋ ውስጥ የሚገቡ ቤተሰቦች ናቸው። ደግሞ ማን መጠጣት እንደጀመረ፣ ማን እንደባሰበት ከነሱ ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ከሰዓት በኋላ ከወጣቶቹ ጋር ነበርን። ወንዶቹን ለብቻ፣ ሴቶቹን ለብቻ። መሬት ላይ በጠመኔና በጠጠር የሰፈራቸውን ካርታ እንዲሠሩ ጠየቅናቸው። ወረቀት ከሰጣችኋቸው አንዱ ጎበዝ ሥዕል የሚችለው ይይዘዋል፣ ሌላው ያያል። መሬት ላይ ግን ሁሉም ይረግጠዋል፣ ሁሉም ያርመዋል፣ «አይ፣ ያ ቤት እኮ እዚህ ነው» እየተባለ ይከራከሩበታል፤ ጠቃሚው መረጃም የሚወጣው ከክርክሩ ነው።

የወንዶቹ ካርታ ላይ ጎልቶ የወጣው ሜዳው፣ የባጃጅ ተራውና «በረካ ቤት» የሚሏት አንዲት መቃሚያ ነበረች። ጫቱ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ በትክክል ያውቃሉ። ምክንያት አለው። ጫትን የሚያነቃቃ የሚያደርገው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ እየደከመ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጫት ትኩስ መሆን አለበት። ትኩስ እንዲሆን በተወሰነ ሰዓት ይደርሳል፣ በተወሰነ ሰዓት ይሸጣል፣ በተወሰነ ሰዓት ይቃማል። ያ ሰዓት ደግሞ የጠዋቱ ፈረቃ ከትምህርት ቤት የሚወጣበት አካባቢ ላይ ይወድቃል። ዓርብ ዕለት በዓይኔ ያየሁትን ልጆቹ በጠጠር አሳዩኝ።

የሴቶቹ ካርታ ላይ ሜዳው የለም። ረስተውት አይደለም። «የእኛ አይደለም» አሉ። የነሱ ካርታ ላይ የውሃ ቧንቧው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ መብራት የሌለው መተላለፊያና ማታ ማታ ሰካራም የሚቆምበት ጥግ አለ። ስለ ሱስ ስጠይቃቸው ስለ ራሳቸው አላወሩም፤ ስለ አባትና ስለ ወንድም አወሩ። አንዷ ዝም ብላ ቆይታ ወንድሟ የትምህርት ቤት ደብተሯን ሸጦ እንደቀመበት ተናገረች። ሌሎቹ አልሳቁም። ይህን የሰማሁት ወንዶቹ ስላልነበሩ ነው።

እሁድ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች መዝሙር ሲያጠኑ ቆምኩ። ብዛታቸው ገረመኝ። ከአንዱ የንስሐ አባት ጋር ተነጋገርን። ልጅ ሱስ ውስጥ ሲገባ እናት መጀመሪያ የምትነግረው ለንስሐ አባቷ ነው፣ ቀጥሎ ጸበል ይዛው ትሄዳለች፣ ሆስፒታል ከመጨረሻው ነው። አባታችንን «አንቱ ዘንድ የመጣውን ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ልከው ያውቃሉ?» አልኳቸው። «ማን እንዳለ ባውቅ እልክ ነበር» አሉ። አንድ ስልክ ቁጥርና አንድ የሚያውቁት ሐኪም ብቻ ነው የጎደለው። እዚሁ ከተማ፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉ አንድ የመስጊድ ሽማግሌም በኋላ ስጠይቃቸው ተመሳሳይ ነገር ነገሩኝ።

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። የእድሩ ዳኛ ገና ሰላም ብለውኝ ሳይጨርሱ «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» አሉ። ይጠበቃል። «ገና ምንም አልያዝንም፤ እናንተ ምን እንዳላችሁ ልናይ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና መዝገቡን አስመጡ።

ያ መዝገብ ሀብት ነው። አባል የሆነው ቤተሰብ ሁሉ በስም አለ። ማን እንደሞተ፣ ማን መዋጮ እንዳቋረጠ፣ ማን ከሰፈር እንደወጣ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት፣ አንዲት የቆርቆሮ አዳራሽ። በየወሩ ሳይጠሩት የሚመጣ ሕዝብ። በኤችአይቪ ዘመን በአገሩ ብዙ እድሮች ከመቅበር አልፈው በሽተኛ ሲጠይቁ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ሲያግዙ እንደነበር ይታወቃል፤ ይህም እድር ያን ጊዜ ኮሚቴ ነበረው። ኮሚቴው ፈርሷል፣ ሰዎቹ ግን አሉ። ሦስቱ እዚያው ተቀምጠው ነበር።

አንድ ክርክር ተነሳ። አንዱ ሽማግሌ «ጠላ መጠጥ አይደለም፣ ምግብ ነው» አሉ። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ለልጅ ቅራሪ መስጠት በየቤቱ ያለ ነው፣ በማኅበርና በዝክር ቀን ደግሞ ከጠላውም ይቀምሳል። አልተከራከርኳቸውም። ግን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፦ መጠይቁ ላይ «አልኮል ጠጥተህ ታውቃለህ?» ብለን ከጠየቅን ልጁ የለም ይላል፣ እውነቱንም ነው ብሎ ያምናል። ቅራሪ፣ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ ብለን እያንዳንዱን በየስሙ መጠየቅ አለብን። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት ዓመቱ ላይ፣ ማን እንደሰጠውም ጭምር።

ሰኞ

የወረቀት ቀን። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ፖሊስ።

የፖሊስ መዝገብ ፖሊስ የሚዞርበትን ቦታ ያሳያል፣ ችግሩ ያለበትን ቦታ ግን ሁልጊዜ አያሳይም። ዋናው መንገድ ላይ ብዙ ክስ አለ፤ ሴቶቹ ካርታቸው ላይ ያሳዩን መብራት የሌለው መተላለፊያ ላይ ምንም የለም። ጤና ጣቢያውም የሚመዘግበው የተጎዳውን እንጂ የሰከረውን አይደለም። የትምህርት ቤቱ የቀሪ መዝገብ ግን ወርቅ ነው። ርዕሰ መምህሩ ከፍተው አሳዩኝ። ከሰዓቱ ፈረቃ ላይ ዓርብ ዓርብ የወንዶች መቅረት ይበዛል። አይተውት ያውቃሉ፣ ለማን እንደሚነግሩት ግን አያውቁም ነበር። ሚኒ ሚዲያም አለ፣ የጸረ ሱስ ክበብም አለ። ክበቡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበዓሉ ቀን፣ ሰልፍ ላይ ግጥም ያነባል።

ስለ ግጥሙ ክፉ አልናገርም፤ ልጆቹ ከልባቸው ነው የሚያነቡት። ግን «ሱስ ይገድላል» ብሎ ማስፈራራት ብቻውን ልጅን እንደማያስቆም ከብዙ አገር ልምድ ታይቷል። አይስላንድ በየጊዜው ተማሪዎቿን ትጠይቃለች፣ ውጤቱንም ለየትምህርት ቤቱና ለየሰፈሩ ትመልሳለች። ከዚያ ወላጆችን አስተባበረች፣ ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚውሉበትን ስፖርትና ሙዚቃ አስፋፋች። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እስከ 16 ዓመት ካሉ ልጆች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረን ነበር ይሉ ነበር፤ በ2016 ወደ 5 በመቶ ወረደ። አይስላንድ ሀብታም አገር ናት፣ አውቃለሁ። እዚያ የሚሰጠውን ገንዘብ እኛ አንሰጥም። ከሰዓት በኋላ የሚዋልበት ቦታ ማዘጋጀት ግን ሁልጊዜ ገንዘብ አይደለም። አንዳንዴ ቁልፍ ነው።

ማክሰኞ

ያየነውን ሁሉ በትልልቅ ወረቀት ላይ አድርገን እድሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ሰው የሰጠውን መረጃ ሳያየው ይዞ መሄድ ነውር ነው። በብዙ ጥናት ይህ አይደረግም፤ ሕዝቡም «መጥተው ጠይቀውን ሄዱ» ማለት የለመደው ለዚህ ነው።

ሽማግሌዎች መጡ፣ እትዬ መጡ፣ ወጣቶቹ መጡ፣ ርዕሰ መምህሩ ዘግይተው መጡ። አዳራሹ ሞላ።

ሽማግሌዎቹ መቃሚያው ይዘጋ አሉ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ተነሳ፤ ዕድሜው ሃያ ቢሆን ነው። «ቢዘጋ ቤት ውስጥ ይገባል። ቤት ውስጥ ከገባ ደግሞ እናንተም አታዩንም» አለ። አንዳንዱ አጉረመረመ። እኔ ግን ከልጁ ጋር ነኝ፤ ለመዝጋት አቅሙም ሆነ ሥልጣኑ የእድሩ አይደለም፣ ተዘግቶም ጫቱ ከሰፈሩ አይወጣም። እትዬ ደግሞ በርጋታ፣ አረቄ አውጪዎቹ ሴቶች ተነጋግረው ለልጅ መላላክ እምቢ ሊሉ እንደሚችሉ፣ ግን አንዷ ብቻዋን ከጀመረች ደንበኛዋን እንደምታጣ አስረዱ። አንድ ሽማግሌ «እድሩ ቢያውጀውስ?» አሉ። ከቀኑ ሁሉ ትልቋ ሐሳብ ይቺ ነበረች። አባቶቹ የእድር አባላት ናቸው። በእድር ከታወጀ አባቱ ራሱ ይሄዳል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ባቄላ አደልን። ግድግዳው ሥር ጣሳዎች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ጣሳ አንድ ሥራ ነው፣ ባቄላህን የምታስቀድመው ሥራ ጣሳ ውስጥ ትጥላለህ። ማንበብ የማይችልም እኩል ይመርጣል። እማማዎቹ በጣም ተጠንቅቀው ነው የጣሉት። የሴት ልጆቹን ባቄላ ለብቻ በሌላ ቀለም አደረግነው፣ ድምፃቸው እንዳይዋጥ።

ብዙ ባቄላ ያገኘው የትምህርት ቤቱ ሜዳና ቤተ መጻሕፍት ከሌላው ፈረቃ ጋር ሳይጋጭ ለልጆች ክፍት እንዲሆን ነው። የእድሩ አዋጅ ቀጠለ። ለሴቶቹ ግን አንደኛ የመተላለፊያው መብራት ነበር፣ ከዚያ ሜዳው ላይ የራሳቸው ቀን። ይህን ለይተን ጻፍነው። የንስሐ አባቶቹንና የሆስፒታሉን ክፍል ማገናኘት ባቄላ አልፈለገም፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ እዚያው ስልክ ቁጥሩን አምጥታ ሰጠቻቸው።

ርዕሰ መምህሩ ሜዳውን ለመክፈት ፈቃደኛ ናቸው። የሚያስፈራቸው ንብረት ነው፤ መስኮት ይሰበራል፣ ወንበር ይጠፋል። ጥበቃው ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ቆይቶ በሩን የሚጠብቅበት ክፍያ የለም። ደመወዝ የሌለው አሠልጣኝ ቅዳሜና እሁድ እኔ አለሁ አለ። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አይችልም፣ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለመስክ ልምምድ ሲወጡ ከሰዓት በኋላውን እንዲይዙት ለመጠየቅ ደብዳቤ እየጻፍን ነው። የእድሩ ዳኛ የጥበቃውን ግማሽ ክፍያ ለሦስት ወር እድሩ ይችላል አሉ፣ ግማሹን ግን ወላጅ መምህር ኅብረቱ ይሸፍን ብለው አስረዱ። ኅብረቱ የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የቀሪ መዝገቡን ግልባጭ ለስብሰባው እንዲያደርሱላቸው ርዕሰ መምህሩን ለምኛቸዋለሁ፣ በተለይ የዓርቡን።